ስድሳ አንድና ስድሳ ሁለት

ጥር 14

ጠዋቱን ሙሉ አንድ ደንበኛ። ለመንጃ ፈቃድ አራት ጉርድ ፎቶ። ብልጭ ባለ ቁጥር ዐይኑን ይጨፍናል፣ በስድስተኛው ተሳካልኝ። ሌላ ማን ይመጣል? ሁሉም ሰው ስልኩ ውስጥ ፎቶ ቤት ከፍቷል። አቧራ ጠረግኩ፣ መጋረጃ ሰፋሁ፣ ከጎረቤቴ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ወሬያችንን ጠረቅን። እሷም ሥራ የላትም። ሁለት ሥራ ፈት፣ አንድ በር ላይ።

ከሰዓት ስልክ ተደወለ። የሕክምና ትምህርት ቤቱ ሙዚየም ኃላፊ ነኝ አለች። ዶክተር ናት። ቃል በግራም የምትሸጥ ዓይነት ሴት... "የቆዩ የአካል ናሙናዎችና የሰም ሞዴሎች አሉን። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት። አንድ በአንድ ፎቶ እንዲነሱልን ነው። የሚፈሩ ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝ።"

እኔ? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሙሽራና ሚዜ ያሰለፍኩ ሴትዮ አጥንት ልፈራ? "ዶክተር፣ እኔ የምፈራው የሙሽራ እናት ብቻ ነው" አልኳት። አልሳቀችም። ሥራውን ግን ሰጠችኝ!

ባሌ ሲሰማ፣ "ሁለት መቶ ሰው! አንዱ አይነቃነቅ፣ አንዱ ወፍራም አስመሰልሽኝ አይል። ዕድልሽ እኮ ነው አንቺ ሴትዮ" አለኝ። እስካሁን እየሳቅኩ ነው።

ጥር 18

የመጀመሪያው ቀን። ምድር ቤት ነው። ረጅም ክፍል፣ መስኮቶቹ ጣሪያው ሥር ናቸው፣ የመንገደኛ እግር ብቻ ነው የሚታየው። ከላይ የሚራመድ እግር፣ ከታች መደርደሪያው ላይ የማይራመድ እግር... ሽታው መጀመሪያ ዐይን ይቆጠቁጣል። ከዚያ አፍንጫ እጁን ይሰጣል።

ልብ አለ። ሳንባ አለ፣ አንዱ እንደ ከሰል የጠቆረ። እንቁላል የሚያህል የኩላሊት ጠጠር አለ (ይሄን ይዞ የተቀመጠ ሰው እንዴት ቻለው?)። አንድ እጅ አለ፣ ጥፍሩ በደንብ የተቆረጠ። ማን ቆረጠለት? ራሱ ነዋ፣ በደህናው ቀን። እሱ ላይ ትንሽ ቆየሁ።

ጠባቂው ሽማግሌ ናቸው። ሠላሳ ስድስት ዓመት እዚህ ኖረዋል። ጋሼ እላቸዋለሁ። ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ለጠርሙሶቹ "እንዴት አደራችሁ" ይላሉ።

"ይመልሳሉ እንዴ ጋሼ?"

"አይመልሱም። ግን እንደ አንቺ አያቋርጡኝም።"

ወደድኳቸው!

ከሙሉው መደርደሪያ ጀመርኩ። የፎቶ ቤት ልማዴ ነው። መጀመሪያ ቤተሰቡ በሙሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ።

ጥር 21

ጠላቴ ተገኘ። ነጸብራቅ። ጠርሙሱ ክብ ነው፣ የክፍሉን ነገር ሁሉ ሰብስቦ ሆዱ ላይ ይለጥፋል፤ መስኮቱን፣ መብራቱን፣ እኔን። ዛሬ የአንድ ጉበት ፎቶ ሳየው መሀሉ ላይ ቀዩ ሹራቤ ጉብ ብሏል። በጉበቱ ላይ ተነሣሁበት!

ስለዚህ ከኋላ ጥቁር ጨርቅ፣ መብራቱ ከጎንና ከጎን፣ እኔ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ጥቁር። ጥቁር ሹራብ፣ ጥቁር ጓንት፣ ጥቁር ሻሽ። እንዲህ ሆኜ ጠዋት ስወጣ ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ጥላ ሮጠች።

"ውይ በሞትኩት! ማን ሞተብሽ?"

"ኧረ ማንም!"

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የጠቆርሽው?"

"ጉበት እንዳላበላሽ ነው" አልኳት። አፏን ከፍታ ቀረች። እስክትረዳኝ ግማሽ ሰዓት ፈጀ፣ አውቶቡስ አመለጠኝ።

ጥር 27

የድሮ ሰዎች መለያ ወረቀቱን የለጠፉት ፊት ለፊት ነው። ቁጥሩ፣ ዓመቱ፣ ምንነቱ። የልቡን ግማሽ ሸፍኖታል። ሰው መታወቂያውን ግንባሩ ላይ ለጥፎ ፎቶ ይነሣል?

ለዶክተሯ ነገርኳት። ወርዳ አየች፣ አሰበች። "በለብ ያለ ውሃ አርጥበው ያንሱትና ከጀርባ ይለጥፉት። ግን አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ወረቀት። የመጀመሪያው ሳይለጠፍ ሁለተኛው አይነካም። ወረቀቱ ከጠፋ ሰውዬው ጠፋ።" ሰውዬው አለች። ሌላ ጊዜ ናሙናው ነው የምትለው።

ወረቀቶቹ ደግሞ አንለቅም አሉ። ጋሼ ቆመው እያዩኝ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ብለው ሳቁብኝ። "የትኛው ነኝ እኔ?" ብላቸው "ሁለቱንም" አሉ።

ዛሬ የሰሟን ሴት አነሣኋት። በሰም የተሠራች፣ ሆዷ እንደ ሻንጣ የሚከፈት፣ ፊቷ ግን እንቅልፍ የወሰዳት ይመስላል። ሠሪው ሽፋሽፍት ሳይቀር ተክሎላታል። ማን ያየዋል ብሎ? አየሁልህ ወንድሜ፣ የትም ሁን። ለባሌ ስነግረው "ዛሬ ደግሞ ከየትኛዋ ሙሽራ ጋር ዋልሽ?" አለ።

የካቲት 3

ዛሬ እኩዮቼን አገኘሁ! ስድሳ አንድና ስድሳ ሁለት። ሁለት ጨቅላ ወንዶች፣ በአንድ ዓይነት ሁለት ጠርሙስ፣ ጎን ለጎን። ወረቀታቸው ላይ ያለው ዓመት እኔ የተወለድኩበት ዓመት ነው። እኔ አርባ አራት ሞላኝ፣ እነሱ... እነሱ እዚያው ናቸው። ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው ሰብስበው፣ እንደ ተኛ ሕፃን። ቅንድብ አላቸው። "ቀና በሉ እኩዮቼ" አልኳቸው። ለደንበኛ ሁሉ የምለው ነው፣ ከአፌ አምልጦኝ።

ለዛሬ ሃያ ጠርሙስ ማለቅ ነበረበት። አንድ በአንድ ካልኩ መቼ ሊያልቅ? ሁለት ሁለቱን አደረግኳቸው። የአንዱ እስኪለቅ የሌላው ይደርቃል። ብልሃት! ጋሼ ቶሎ እንዲደርቅ ማራገቢያውን ከፈቱልኝ።

የዚያን ጥርሱ ኬክ ውስጥ የቀረበትን ሙሽራ ታሪክ ነገርኳቸው። ሆዳቸውን ይዘው ተንከተከቱ። ማራገቢያው የእኩዮቼን ወረቀቶች አንሥቶ ጠረጴዛው ሥር ጣላቸው። ጋሼ ተንበርክከው እየሳቁ ለቅመው ሰጡኝ፣ እኔም ጥርሱ በማን ቁራሽ ውስጥ እንደ ተገኘ እየነገርኳቸው ለጠፍኩ። (የአማቲቱ ውስጥ!) ሃያውም አለቀ። እንዲህ ያለ ቀን ይብዛልኝ።

የካቲት 4

ወገቤን አመመኝ። ደስ የሚል ሕመም ነው።

የካቲት 17

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

ዶክተሯ ጠዋት ጠራችኝ። አዲስ ደንብ ወጥቷል። መዝገቡ ላይ የቤተሰብ ስም ያለው፣ ቤተሰቡ ከፈለገ፣ ለቀብር ይሰጣል። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ውስጥ ስም የተገኘው ለአንድ ብቻ ነው። ለስድሳ ሁለት። የእናቱ ስም አለ። ደብዳቤ ልከውላቸው፣ ዛሬ እናትየዋ መጡ። እኔ ለሰነዱ ፎቶ ላነሣ።

ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል። ሴት ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛለች። ጋሼ ወንበር አመጡ። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር" አሉ እማማ፣ ለማን እንደሚያወሩ ሳይታወቅ። "አንድ ቀን ኖሮ ሞተ አሉኝ። ሆስፒታሉ ይቀብረዋል፣ አንቺ አርፈሽ ተኚ አሉኝ። ተኛሁ። ስነቃ የት ነው ብል የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ያን ዕለት ባልተኛ ኖሮ እላለሁ እስካሁን።"

ከዚያ ወደ ጠርሙሱ ተጠጉ። ጣቶቹን ቆጠሩ። ድምፅ አውጥተው፣ ከአንድ እስከ ዐሥር። እንደገና ፊቱን አዩት።

"አፍንጫው የአባቱ ነው። እዪ... የአባትሽ እኮ ነው!"

ልጅቷ በልቅሶ ፈነዳች። ዶክተሯ፣ ያቺ ቃል ቆጣቢዋ፣ ወደ ግድግዳው ዞረች። የካቲት 28 ይወስዱታል ተባለ። እጃቸውን ጠርሙሱ ላይ እንዳደረጉ አነሣኋቸው። ጥሩ ፎቶ ነው። እንባዬን በክርኔ እየጠረግኩ ጠርሙሱን ወደ መደርደሪያው ልመልስ አዞርኩት... ከጀርባው ወረቀቱ። ጠርዙ ተሸብልሏል።

ማራገቢያው ትዝ አለኝ።

የካቲት 18

አስታውሺ እንጂ አንቺ ሴትዮ! የትኛው ወረቀት በየትኛው እጅሽ ነበር? በቀኝ ስድሳ አንድ? ወይስ ጋሼ ሁለቱንም አንድ ላይ ሰጡኝ? ቁጥሩን አንብቤያለሁ? አንብቤ ቢሆንስ፣ የትኛው ጠርሙስ የትኛው እንደነበር በምን አውቄ? የማስታውሰው ጥርሱን ነው። ኬኩን፣ የአማቲቱን ፊት። እያንዳንዱን ቃል አስታውሳለሁ። እጄን ግን አላስታውሰውም። እጄ የሌላ ሰው ነበር።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ሃያ ጠርሙስ ላወርድ...

የካቲት 19

ጋሼን ለብቻቸው አገኘኋቸው። መሬት ያጥቡ ነበር።

"ጋሼ፣ ያን ዕለት... የትኛው የትኛው ነበር?"

ወዲያው ገባቸው። መጥረጊያውን አቆሙ። እሳቸውም አስበውታል ማለት ነው! ስንት ቀን?

"እኔ እንጃ። የለጠፍሽው አንቺ ነሽ።"

"የሰጡኝ እርስዎ ነዎት!"

"ማራገቢያውንም የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ በዪው ሁሉንም!" ጮኹብኝ። ከዚያ ዝግ አሉ። "ስሚኝ፣ ልጄ። ሴትየዋ ልጃቸውን አገኙ። አርባ አራት ዓመት ፈልገው አገኙ። አሁን ሄደሽ ምን ልትያቸው ነው? ላይሆን ይችላል ብለሽ እንደገና ልታጠፊባቸው? እኔም ለጡረታ ሦስት ወር ነው የቀረኝ። ወረቀት ጠፋ ተብሎ በመጨረሻው ሰዓት ልዋረድ?"

"ሌላኛው ቢሆንስ፣ ጋሼ?"

"ሌላኛውም የሰው ልጅ ነው። አፈር ያገኛል።" መጥረጊያውን አነሡ። "ሠላሳ ስድስት ዓመት እንዴት አደራችሁ ብያቸዋለሁ። ግን በወረቀታቸው ነው የማውቃቸው። ከወረቀታቸው ውጭ አላውቃቸውም ለካ።"

የሆዴን በሆዴ ይዤ ወጣሁ። ምሳዬን ሳልበላ መልሼ ወደ ቤት አመጣሁት።

የካቲት 20

ተስፋ! መደርደሪያው! የመጀመሪያው ቀን መደርደሪያውን በሙሉ አንሥቼ አልነበር? ወረቀቱ ሳይነካ! ጠርሙሶቹ ቢመሳሰሉም አንድ ነገር ይኖራል፣ የእግር አቀማመጥ፣ የራስ ማዘንበል፣ ከወረቀቱ ጎን ትንሽ ብቅ ያለ ነገር...

ከፍቼ አጎላሁት። ሃምሳ ስምንት ይታያል። ሃምሳ ዘጠኝ። ስድሳ፣ አጥርቶ። ስድሳ አንድና ስድሳ ሁለት ላይ ነጭ። ድፍን ያለ ነጭ። የመስኮቱ ነጸብራቅ ሄዶ ሄዶ እነሱ ላይ ተቀምጧል። መብራቱን ገና አላስተካከልኩም ነበር እኮ። ለነገ አስተካክለዋለሁ ብዬ።

ስክሪኑን በእጄ ጠረግኩት። በጣቴ የሚለቅ ይመስል።

የካቲት 21

ባሌ በምሳ ሰዓት ሹካውን አስቀመጠ። "አራት ቀን ሙሉ ዝም ብለሻል። ወይ ታመሻል ወይ እኔ ጆሮዬ ተደፍኗል።"

ነገርኩት። ሁሉንም፣ ጥርሱን ሳይቀር። አልሳቀም። ሌላ ጊዜ ጥርሱ ጋ ስደርስ ገና ሳልጨርስ ነው የሚስቀው።

"የዚያን የነጋዴውን ጉርድ ፎቶ ለሌላ ሰው የሰጠሽ ጊዜ ምን አደረግሽ?"

"አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሮጬ ደረስኩበት።"

"በነጠላ ጫማ።"

"አንዱ መንገድ ላይ ቀርቶ።"

"ታዲያ አሁን እግርሽን ማን ቆረጠው?"

"ያ እኮ ፎቶ ነው! ይሄ... እማማ አፍንጫው የአባቱ ነው ብለዋል። ዐሥር ጣት ቆጥረዋል። ደስ ብሏቸው ነው የሄዱት። እንዴት ብዬ ነው የምቀማቸው?"

ሹካውን አላነሣም፣ እኔን ያያል። ስንት ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው ነው፣ እንዲህ ሲያየኝ አልወድም።

የካቲት 22

ዶክተሯ ቢሮ ገባሁ። ቁጭ ሳልል ተናገርኩ። ሁለት ሁለቱን ማድረጌን፣ ማራገቢያውን፣ ወረቀቱን። ብዕሯን ከደነች። በበኩሌ ቢሰድቡኝ ይሻለኛል።

"አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ወረቀት ብዬ አልነበር?"

"ብለው ነበር።"

"ማን አብሮዎት ነበር?"

"ማንም። እኔ ነኝ የለጠፍኩት።"

ከበሩ ላይ ቁልፍ ተንሿሿ። ጋሼ ቆመዋል። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። "ማራገቢያውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱንም የለቀምኩት እኔ" አሉ። ወደ እኔ ሳያዩ። ክፉ ሽማግሌ! እንባዬን አመጡት።

ሦስታችንም ወረድን። ዶክተሯ ጓንት አጥልቃ እስከ ምሳ ሰዓት አየች። እግራቸው ላይ የታሰረ ነገር የለም። ክዳኖቹ ከዓመታት በፊት ተቀይረዋል። መዝገቡ ላይ ለሁለቱም ተመሳሳይ ነው የተጻፈው፤ ወንድ፣ ወሩን የጨረሰ፣ አንድ ቀን የኖረ። ላቦራቶሪ ደወለች። ይህን ያህል ዓመት በጠርሙሱ ፈሳሽ፣ ፎርማሊን ውስጥ ከቆየ የዘረመል ምርመራ አይሠራም አሏት። ሁለት ቦታ ደወለች፣ ሁለቱም ያንኑ።

"ሞኝና ወረቀት" አሉ ጋሼ፣ አልጨረሱትም። ይሄኛው ወረቀት ለቋል።

"ለእናትየዋ እኔ ደብዳቤ እጽፋለሁ" አለች ዶክተሯ።

"አይሆንም። በአፌ ያጠፋሁትን በአፌ እናገራለሁ" አልኩ። ትንሽ አየችኝና አድራሻውን ጻፈችልኝ።

የካቲት 25

ሄድኩ።

ሁለተኛ ፎቅ፣ ጠባብ ደረጃ። ልጅቷ ከፈተችልኝ፣ ፎቶውን ያመጣሁ መስሏት ፈገግ አለች። እማማ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነጭ ጨርቅ ይሰፋሉ። ትንሽ ጨርቅ። ዐይኔን ልሰውረው የት ላድርገው?

ተናገርኩ። እንደ ልማዴ አላንዛዛሁትም። ሳልጨርስ ልጅቷ ተነሣች።

"ምን? ምን አልሽ? ኬክ? እናቴ አርባ አራት ዓመት አልቅሳ፣ አንቺ ስለ ኬክ እያወራሽ ወንድሜን ቀላቀልሽው?"

"አዎ።"

"ወሬኛ! ምላስሽ ይቆረጥ! ምን ልታደርጊ መጣሽ ደግሞ? ቀብረነው ብንመጣ ምን ነበረበት!"

ምን እላታለሁ? ያለችው ሁሉ እውነት ነው። እማማ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰኩ።

"ተይ አንቺ። ተቀመጪ።" ከዚያ ወደ እኔ፤ "አፍንጫው የአባቱ ነው ብዬ ነበር እኮ።"

"ብለው ነበር፣ እማማ።"

"አየሁት እኮ።"

"አዎ።"

"ሌላኛውን አሳዪኝ።"

ሁለቱንም አትሜ ይዤ ነበር፣ በፖስታ። መጀመሪያ ላሳያቸው አላሳያቸው እያልኩ መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የመጣሁት። ጉልበታቸው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ። ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከመንገዱ የሆነ ሰው ጡሩምባ ይነፋል፣ አይተውም እሱ ደግሞ።

"ይሄም የአባቱን ይመስላል" አሉ። "ሁለቱም ይመስሉታል። ጉድ ነው። እናት ታውቃለች ይባላል፣ አላወቅኩም። አላወቅኩም፣ ልጄ።"

ልጅቷ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። እኔ በር ላይ ቆምኩ። ሂጂ ያለኝ የለም፣ ግቢም ያለኝ የለም።

እማማ የሌላኛውን ፎቶ ከፍ አደረጉ፤ "ይሄኛው... እናቱ ማናት?"

"መዝገቡ ላይ 'ያልታወቀች' ይላል።"

"ያልታወቀች ማለት የለችም ማለት ነው?"

"አይደለም፣ እማማ።"

"እሷንም አርፈሽ ተኚ ብለዋት ይሆናል።" ጨርቁን አነሡ፣ አገላበጡት። "ይሄ ለአንድ ነው። ለሁለት አይበቃም። ጨምረሽ ግዢ" አሏት ልጃቸውን።

"እማዬ..."

"አንዱን ይዤ አንዱን ትቼ ልሂድ? የተውኩት የእኔ ቢሆንስ? የያዝኩት የእሷ ቢሆንስ? ሁለቱንም ነው የምወስደው። ለዚያች ሴት ሐኪምሽ ንገሪያት።"

ወደ ቤት በእግሬ መጣሁ። አውቶቡሶቹ አለፉኝ።

የካቲት 28

የተቀጠረው ቀን ዛሬ ነበር። ማንም አልመጣም። ጉዳዩ ኮሚቴ ጋ ነው። ለስድሳ አንድ ደንቡ አይፈቅድም፣ ቤተሰብ የለውም ይላሉ። ዶክተሯ ጠዋት ገብታ እስከ ቀትር አልወጣችም። ጋሼ ደረጃው ላይ ቁልፋቸውን እየቆጠሩ፣ እኔ ጥቁር ጨርቄን እያጠፍኩ እየዘረጋሁ።

ስንት ጊዜ ይታጠፋል አንድ ጨርቅ?

መጋቢት 4

አለቀ! ፈቀዱ! ዶክተሯ ራሷ ወርዳ ነገረችን። "ቤተሰብ የለውም ላሉኝ፣ አሁን አለው ብዬ ጻፍኩ" አለች። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፣ አፏን በእጇ ሸፍና። ጥርሷ መሀል ክፍተት አላት። ቆንጆ ናት እኮ ስትስቅ!

ቅጣትም አለ። ለእኔ ማስጠንቀቂያ፣ ለጋሼም ማስጠንቀቂያ። የጋሼን ጡረታ አይነካም። "በሠላሳ ስድስት ዓመት የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ነው፣ ወረቀት አገኘሁ" አሉ። እየቀለዱ ደብዳቤውን አጠፉት፣ ዘረጉት፣ እንደገና አጠፉት። ውሃ ሰጠኋቸው። የቀሩትን ጠርሙሶች ልጨርስ ተፈቅዶልኛል፣ ዶክተሯ ወይ ረዳቷ አጠገቤ ቆሞ። ይሁን፣ ይቁሙብኝ።

መጋቢት 11

ጠዋት ጥቁር ለብሼ ስወጣ ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትቀልድብኛለች። "ዛሬስ ማን ሞተብሽ?" አለች እየሳቀች።

"ሁለት እኩዮቼ" አልኳት።

ሳቋ ቆመ። ሱቋን ዘግታ አብራኝ መጣች። አታውቃቸው፣ አያውቋት። እንዲሁ መጣች። አንድም ቃል ሳትጠይቀኝ፣ እሷ!

ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች። አንዱን ጋሼ ያዙ፣ አንዱን ባሌ። ዶክተሯ ከኋላ፣ ነጭ ጋውኗን አውልቃ መጥታ፣ ብርድ እየመታት። የመቃብር ቆፋሪው "ስም ምን ተብሎ ይጻፍ?" ብሎ ጠየቀ። ተያየን። እማማ ግን አላመነቱም።

"ለልጄ ያሰብኩት ስም ነበር። ጠርቼው አላውቅም። አርባ አራት ዓመት ያላለቀ ስም ነው፣ ለሁለት ይበቃል።"

ለሁለቱም አንድ ስም። ጮክ ብለው ጠሩት፣ ሁለት ጊዜ። እዚህ አልጽፈውም፣ የእሳቸው ነው።

ካሜራዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ላወጣው እጄ እምቢ አለ። እማማ አዩኝ።

"አታነሺም እንዴ?"

"ላንሣ?"

"አንሺ እንጂ። ቀና እላለሁ።"

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ በሁለቱ መሀል ቆሙ። ቀና አሉ። አንድ ፎቶ ብቻ። ባሌ "ሁለተኛ አታነሺም? ሁልጊዜ ሁለተኛ ታነሺ የለ" አለኝ በጆሮዬ። አላነሣሁም።

ልጅቷ አላናገረችኝም። ስንበታተን ግን ሻሼ ከትከሻዬ ወድቆ ኖሮ፣ አንሥታ፣ አፈሩን አራግፋ ሰጠችኝ። ሳታየኝ።

መጋቢት 15

ዛሬ ሥራው አለቀ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ተብሎ የተጀመረው ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሆኖ አለቀ። አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ወረቀት። ቀኑን ሙሉ።

ከሰዓት ጋሼ ተጠጉኝ። "ምነው ዛሬ ድምፅሽ ጠፋ? የሚስቅ ሰው ልቅጠርልሽ?"

ወረቀቱን ለጠፍኩ። በጣቴ ጫንኩት፣ እስኪይዝ ጠበቅኩ። እጄን ጠረግኩ። "ይኸው አሁን እጄ ባዶ ነው፣ ምን ልንገርዎት?" አልኩ። ያንን ስለ ሚዜው ጫማ ነገርኳቸው። ሳቁ፣ በፊት እንደሚስቁት ባይሆንም። እኔም ሳቅኩ።

ልወጣ ስል መደርደሪያውን አየሁ። በስድሳና በስድሳ ሦስት መሀል ባዶ ነው። እንጨቱ ላይ ሁለት ክብ ምልክት ቀርቷል፣ አንዱ ካንዱ አይለይም። ጋሼ በጨርቅ ሊጠርጉት እጃቸውን ሲዘረጉ ያዝኳቸው። የካሜራዬን ማቆሚያ እንደገና ዘረጋሁ። መብራቱን ከጎንና ከጎን አደረግኩ።

አነሣሁት። መስታወት የለበት፣ ነጸብራቅ የለበት። በመጀመሪያው ጠራ።